የፊታውራሪ አድማሴ ዘንዶ

በ፲፱፻፶፪ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎንደር ከተማ በፊታውራሪ አድማሴ ግቢ፣ በዘንዶው ቤት ደጃፍ የቆሙት አምስት ሰዎች ነበሩ። ፊታውራሪ ራሳቸው ካባቸውን ደርበው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ ከሐኪም ቤት የተጠራው ድሬሰር ወልደ ዮሐንስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ የዘንዶው ጠባቂ አላምረው የበሩን ቁልፍ ጨብጦ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ ደግሞ አጥሩ ሥር ቀጥቃጩ ባሩክ ቆመው ነበር። ባሩክ ይጠራልኝ ያለው አላምረው ነው።

አላምረው ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነበር። በግቢው ጥግ ያለችውን ጎጆና ከጎጆዋ ጀርባ ያለችውን የጌሾ መደብ የሰጡት ፊታውራሪ ናቸው፤ ከዚያ በቀር በዚህ ዓለም የእኔ የሚለው ንብረት አልነበረውም። ያለፈው ዓመት ዘንዶው ከአርማጭሆ ቆላ በአዳኞች እጅ ሲመጣ ሌላው አሽከር ሁሉ ወደ ጓሮ ሲሸሽ፣ «እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ወደፊት የወጣው እሱ ብቻ ነበር። ፊታውራሪ አውሬውን ከፋሲካ በኋላ ለቤተ መንግሥት ሊያበረክቱት ስላሰቡ፣ ጣሊያን የባሩድ ማከማቻ አድርጎት የነበረውን የድንጋይ ቤት ለዘንዶው ሰጡት። የብረቱን ፍርግርግና ቁልፉን የሠራው ባሩክ ነበር።

ዘንዶው የታመመው በኅዳር ነው። መጀመሪያ ሆዱ ላይ አንዲት ቅርፊት ትንባሆ እንዳበላሸው ጥርስ ቢጫ ሆነች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ከዚያ ቅርፊቶቹ እየተነሡ፣ እየሻከሩ፣ ሲነኳቸው እየተላቀቁ፣ ከሥራቸው ቀይ ሥጋ ብቅ ይል ጀመር። አላምረው ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ዘንዶው ቢሞት ጎጆዋም ጌሾዋም አብረው እንደሚሄዱ ያውቃል።

«ከኅዳር ወዲህ ነው፣ ጌታዬ» አለ አሁን፣ ወደ አጥሩ ሳያይ። «ይኼ ሰው የበሩን ማጠፊያ ሊጠግን ከመጣ ወዲህ። እዚህ ቆሞ አየው። ዓይኑን ሳይነቅል አየው።»

«ዘንዶ ፊቴ ተጋድሞ ዓይኔን ልጨፍን ኖሯል?» አለ ባሩክ። «አንቱ ዘንዶ ሲያዩ ጨፍነው ነው፣ አያ አላምረው?»

ፊታውራሪ ሊስቁ ነበር፤ የሚስታቸውን ፊት አይተው ተዉት። ባሩክ ቤተ እስራኤል ነው። መንደሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በፊታውራሪ መሬት ላይ ነው፤ ሰው ማረሻውን በቀን ይቀበለዋል፣ በማታ ቡዳ ይለዋል።

ድሬሰር ወልደ ዮሐንስ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «እኔ የሰው ድሬሰር ነኝ፣ ጌታዬ። የእባብ ሐኪም በዚህ አገር አለ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ግን ቆዳ ቆዳ ነው፤ እስኪ ልየው። ራሱን የሚይዝልኝ ካለ።»

አላምረው ገብቶ የዘንዶውን ማጅራት በሁለት እጁ ያዘ። አውሬው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጭራውን በጠባቂው ክንድ ላይ ቀስ አድርጎ ጠመጠመ። ድሬሰሩ ተንበርክኮ መመርመር ጀመረ። በቅርፊቶቹ መሃል መዥገር ፈለገ፤ አጣ። እሳት ነክቶት እንደሆነ ጠየቀ፤ አልነካውም። አፉን አስከፍቶ አየ፣ ሸተተው።

«ዓይኑ ወተት መስሎ ያውቃል?»

«ቆዳውን ሊጥል ሲል ይመስላል» አለ አላምረው። «በጥቅምት ጥሎ ነበር፣ ተበጣጥሶ። አሁን ግን ዓይኑ ሸጋ ነው።»

ድሬሰሩ ከቦርሳው ምላጭ አውጥቶ ከታመመው ቅርፊት ጥቂት ፍርፋሪ ብርጭቆ ላይ ፋቀና በወረቀት ጠቀለለው። አላምረው ይህን አልወደደውም። የአውሬ ቆዳ ለምን ለምን መተት እንደሚፈለግ ሰምቷል።

«ምነው፣ ወዴት ነው የሚወሰደው?»

«ወደ ሐኪም ቤት። በማጉያ መነጽር ላየው።»

«ፍርፋሪውን?»

«ፍርፋሪውን፣ አያ አላምረው። ሙሉውን ዘንዶ መነጽሩ ሥር ላስተኛው አልችልም።»

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ያው አምስት ሰው እዚያው ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። ድሬሰሩ አልተቀመጠም።

«ቅርፊቱን የሚያሟሟ መድኃኒት ጠብ አድርጌ አየሁት» አለ። «እንደ ሸረሪት ድር ክር ክር ያለ ነገር ሞልቶበታል። ሻጋታ ነው። በሰው አንገት ላይ ቋቁቻ፣ በልጆች ራስ ላይ ቆረቆር የሚሆነው፣ የዚያ ዘመድ።»

«ሻጋታ?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው?»

«እርጥብ ላይ የተኛ ሁሉ ይሻግታል፣ እመቤቴ።» ድሬሰሩ ገብቶ በፍርግርጉ መሃል እጁን አሾልኮ ከዘንዶው ሥር አንድ እፍኝ ጭድ መዘዘ። ጨመቀው። በጣቶቹ መሃል ውሃ ወረደ። «ይኸውላችሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ቆየ፤ ጣራው አያፈስም። ማነው ውሃ የሚያፈስበት?»

ሁሉም አላምረውን አዩት።

«መጠጫው ገንዳ ከፍርግርጉ ውጭ ነው» አለ አላምረው። «ሲጠማው ራሱን አውጥቶ ይጠጣል። መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፣ እኔ በዚህ አውሬ ላይ አንዲት ኩባያ ውሃ ደፍቼ አላውቅም!»

ሲምል ልቡ ንጹሕ ነበር። እውነት ነው፣ በየጠዋቱ ጎሕ ሲቀድ ወንዝ ወርዶ ከዳር ካለው ምንጭ በቅል ጠበል ይቀዳል። ተመልሶም «በስመ አብ» ብሎ ከራሱ እስከ ጭራው ይረጨዋል፤ የተረፈውንም ጭዱ ላይ ያንጠፈጥፈዋል። እባብ ሔዋንን ያሳተ ነው፤ እንዲህ ያለውን በባዶ እጅ የሚያቅፍ ሰው ነፍሱን መጠበቅ አለበት። ቁስሉ ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንዱን ቅል ሁለት አድርጎታል። ለማንም አልተናገረም፤ ለነፍስ አባቱም ቢሆን፤ ቅዱሱን ነገር በእባብ ላይ ማፍሰሱን ይወዱለት አይወዱለት እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ግን በሽታ የሚያባርር ነገር በሽታ ያመጣል ብሎ ማን ያስባል? የአላምረው ሐሳብ ጠበሉ ላይ ሲደርስ ቆም እንኳ አላለም።

«እንግዲያ ሌላ የሚገባ አለ» አሉ ፊታውራሪ።

«ቁልፉን የሠራው ማን ነው?» አለ አላምረው። «አንድ ቁልፍ የሠራ ሁለት መሥራት ያቅተዋል?»

የባሩክ ፊት ጠቆረ። ከአጥሩ ሥር ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ። «ጌታዬ፣ በእኛ ሕግ የሚሳብ ነገር እርኩስ ነው። የነካሁት እንደሆነ ታጥቤ፣ ከመንደር ውጭ ቆይቼ ነው ወደ ሚስቴ የምገባ። ማጠፊያውን ስጠግን እንኳ ፍርግርጉን በጉጠት ነው የያዝኩት፤ አያ አላምረው ያን ጊዜ ስቀውብኛል። እንዲህ ያለው ሰው በጨለማ መጥቶ እባብ ያጥባል?»

«ከሩቅ ይረጫላ!» አለ አላምረው።

«ከሩቅማ በዓይኔ እበላው የለም? ምን ውሃ አስፈለገኝ? አንዱን ይምረጡ እንጂ!»

ፊታውራሪ ዘንጋቸውን መሬት መቱ። «ንጉሥ ይሙት! ይህን አውሬ እያረጠበ ያበላሸው እጅ የማንም ይሁን የማን፣ ከመሬቴ ይነቀላል! ቤቱም ማሳውም አይቀርለት!»

ባሩክ ወደ መንደሩ አቅጣጫ አየ። ወናፉም፣ መዶሻውም፣ የአባቱ መቃብርም በዚያ መሬት ላይ ናቸው። አላምረው ግን ልቡ ሞቀ።

«አመድ ይነስነስ፣ ጌታዬ» አለ። «ሌባ በእግሩ ይያዛል።»

«ይነስነስ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «ግን እኔው ነኝ የምነሰንሰው። ከእናንተ ከሦስታችሁ ማንን እንደማምን ገና አላወቅሁም።» ድሬሰሩንም ጨምረው ማለታቸው ነው፤ ድሬሰሩ ዓይኑን ወደ ቦርሳው ሰበረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይዘሮ እማዋይሽ የነፉትን አመድ ከመድረኩ ጀምረው እስከ ፍርግርጉ ድረስ እንደ ዱቄት አልብሰው ወጡ። አላምረው በሩን ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ያን ቀን በደኅና ተኛ።

ጎሕ ሲቀድ እንደ ልማዱ ተነሣ። ወንዝ ወረደ። ሁለቱን ቅል ሞላ። በሩን ከፍቶ አጎንብሶ አመዱን ዳር እስከ ዳር ፈተሸ፤ የሰው እግር ቀርቶ የአይጥ ዱካ የለበትም። ተናደደ። «ይኼ ሰው በምን ገባ? በአየር?» እያለ አመዱን ረግጦ ገባ። የእሱ እግር እንደሆነ ይታወቃል፤ ከቀኝ እግሩ ሁለተኛዋ ጣት የለችም፣ በልጅነቱ ማረሻ ወስዷታል። ጸለየ፣ ረጨ፣ ጭዱ ላይ አንጠፈጠፈ፤ ከዚያ ደጃፍ ቆሞ ጌቶቹን አስጠራ። ድሬሰሩ ወደ ሥራው ሲያልፍ ገባ። ባሩክም ከጎሕ በፊት መጥቶ ከግቢው በር ቆሞ ኖሯል።

ወይዘሮ እማዋይሽ ከመድረኩ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ይኼ እግር የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ እመቤቴ። ጣት የጎደለው የእኔ ነው። እሱን ይተዉት።»

«ተውኩት። ከእግሩ ጎን ጎን ያለው ይኼ ጉድጓድ ጉድጓድ ምንድን ነው? ዶሮ የጫረችው ይመስላል።»

አላምረው አጎነበሰ። ከመድረኩ እስከ ፍርግርጉ ድረስ፣ በግራ እግሩ ዱካ ጎን፣ ትንንሽ ጉድጓዶች ተሰልፈዋል። የመጨረሻዎቹ ገና አልደረቁም፤ አመዱ በዙሪያቸው ጭቃ ሆኗል። ወይዘሮ እማዋይሽ አንዱን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ አላምረው ግራ እጅ አነሡ። አንዱ ቅል ገና ከጣቱ ተንጠልጥሏል። አፉ የተሰነጠቀ ቅል ነበር። ሁሉም እያዩ አንዲት ጠብታ ከሥሩ ተንጠልጥላ፣ ወፍራ፣ መድረኩ ላይ ጠብ አለች።

«ጠበል ነው» አለ አላምረው።

«በእባብ ላይ?» አሉ ፊታውራሪ። «አንተ ሰው፣ በእባብ ላይ?»

«በየጠዋቱ ነው?» ጠየቀ ድሬሰሩ።

«በየጠዋቱ። ከታመመ ወዲህ ሁለት ቅል።»

ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «ጠበሉን የሚነካ ቃል አልናገርም፣ ጌታዬ። እርጥበቱ ነው። ቆላ ተወልዶ ደጋ የወጣ አውሬ፣ ፀሐይ በማይገባበት የድንጋይ ቤት፣ ጭዱ ሳይደርቅ ሌላ ሲጨመርበት፣ ምን ይሁን?»

ከግቢው በር የባሩክ ድምፅ መጣ። «ቡዳው ተገኘ።»

ፊታውራሪ ዘንጋቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ፤ አላምረው ከጣሊያን በፊት ጀምሮ በቅሏቸውን ስቦላቸዋል። «ምላሴ ቀደመኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ንጉሥ ይሙት ብለዋል» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «በሰው ፊት ነው ያሉት።»

«ብያለሁ።» ፊታውራሪ ወደ ዘንዶው አዩ። «መድኃኒቱን ሲቀቡት ማን ይይዘዋል?»

የቀረበ አልነበረም። ድሬሰሩ እንኳ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«እንግዲህ እስኪድን ትይዘዋለህ» አሉት ፊታውራሪ አላምረውን። «የዳነ ዕለት ትሄዳለህ።»

«መዳኑ በምን ይታወቃል?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ።

«ቆዳውን ከከንፈሩ እስከ ጭራው እንደ ካልሲ አንድ ወጥ አድርጎ ካወለቀ፣ ከሥርም ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ድኗል» አለ ድሬሰሩ።

«መልካም። እንጀራው ከዘንዶው መዳን ጋር የሚያልቅ ሰው ግን ዘንዶውን ያድነዋል? የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።» ወይዘሮዋ ወደ ግቢው በር ዞሩ። «ባሩክ፣ አንተ ታየዋለህ። በዓይንህ ነው የታማኸው፤ በዚያው በዓይንህ ጠብቅልኝ።»

አሮጌው ጭድ ተጠርጎ ተቃጠለ። ባሩክ ባለ ቀዳዳ የብረት አልጋ ሠርቶ ከወለሉ ከፍ አደረገለት፤ በላዩ ሰሌን ተዘርግቶ በፀሐይ የደረቀ አሸዋ ፈሰሰበት። ከሰዓት በፊት አላምረው ዘንዶውን ትከሻው ላይ ጭኖ ወደ ሞቀው ድንጋይ ያወጣዋል። ድሬሰሩ አዮዲን ፈልቶ በበረደ ውሃ አቅጥኖ ሰጥቶታል፤ አላምረው ቁስሉን በጥጥ ይቀባል፤ ዘንዶው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ሳይደርቅም አይመልሰውም። የላላውን ቅርፊት ያነሣል፤ ያልላላውን አይነካም። ሲመሽ ከፍርግርጉ ውጭ የከሰል ምድጃ ይቀመጣል። ወይዘሮ እማዋይሽ በፈለጉት ሰዓት ብቅ ብለው እጃቸውን አሸዋው ውስጥ ይከታሉ።

ባሩክ ደግሞ ራቅ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል።

«ዓይኔ እንዳይወጋዎት ጀርባዬን ልስጥዎት፣ አያ አላምረው?» አለ በመጀመሪያው ቀን።

«ዙር እንጂ። ማን ከለከለህ?»

«ስዞር የሚያደርጉትን አላይማ። እይ ነው የተባልኩት።»

አላምረው ጥጡን አዮዲኑ ውስጥ ነከረ። እንዲህ እያሉ የካቲት አለቀ። አላምረው ጥጡን ሲያነሣ ባሩክ ያየዋል፤ አላምረው ደግሞ ባሩክ ለእመቤቴ ምን ይናገር ይሆን እያለ የባሩክን ከንፈር ያያል። አንድ ቀን ዘንዶው ዶሮ አልበላ ሲል፣ «ይኸው፣ ሊያዘገየው አስርቦታል ብለህ ተናገር!» ብሎ ጮኸበት።

«ዶሮዋ ከሲታ ናት ብዬ እነግራቸዋለሁ» አለ ባሩክ። «እኔም አልበላት።»

አላምረው ሳቁን ዋጠው።

በመጋቢት ቢጫዎቹ ቅርፊቶች እየደረቁ ረገፉ፤ በቦታቸው ስስ፣ አንጸባራቂ ቆዳ መጣ። አንድ ጠዋት አላምረው ቤቱን ሲከፍት የዘንዶው ዓይን ወተት ሆኖ አገኘው። ሊጥል ነው። ደስ ሊለው ሲል ጎጆዋና ጌሾዋ ትዝ አሉት።

ያን ጠዋት፣ አመዱ ከተነሰነሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወንዝ ወረደ። ጠበሉን ቀዳ። ሲመለስ ባሩክ ከድንጋዩ ላይ ነበር።

«ምነው፣ አያ አላምረው? ቅሉ ዛሬ ወዴት ነው?»

አላምረው መድረኩ ላይ ቆመ። አንድ ቅል ብቻ ነው። ውሃውን አሸዋው ከሥር ይይዘዋል፤ ከላይ እስከ ቀትር ይደርቃል፤ የእመቤቴ እጅ እስከ ሥሩ አይደርስም። ቆዳው ተበጣጥሶ ይወልቃል፤ አንድ ወር ይጨመራል፤ ምናልባት ክረምት ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ሰው ከቤቱ አይባረርም። አንድ ቅል።

ባሩክ ቅሉን አየ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ዞረና ጀርባውን ሰጠው።

አላምረው ደነገጠ። ወጥመድ ነው? ከአጥሩ ማዶ እመቤቴ ቆመው ይሆን? ወይስ አዝኖልኝ ነው? ይህ ሰው እኔ ላስነቅለው የነበርኩት ሰው ነው፤ ለምን ያዝንልኛል? የባሩክን ጀርባ አየ፤ በኩታው ላይ የእሳት ፍንጣሪ የበሳቸውን ቀዳዳዎች አየ። ጀርባው ምንም አይናገርም።

ሄዶ ከድንጋዩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። በስመ አብ አለና ቅሉን በገዛ ራሱ ላይ ገለበጠው። ውሃው በጆሮው፣ በአንገቱ፣ በሸሚዙ ወረደ።

«ብርድ ይገባዎታል» አለ ባሩክ፣ ሳይዞር።

«ፀሐይ ትወጣለች።»

ፀሐይ ወጥታ ሸሚዙ እስኪደርቅ ተቀመጠ፤ እርጥብ ሆኖ ወደ ዘንዶው አልገባም። ባሩክ ለምን እንደዞረ አልጠየቀውም፤ ባሩክም አልነገረውም።

ዘንዶው በዚያው ሳምንት ከንፈሩን ከብረቱ አልጋ ጠርዝ ጋር አሻሽቶ ቆዳውን ጣለ። ቆዳው ከከንፈር እስከ ጭራ አንድ ወጥ ነበር። ድሬሰር ወልደ ዮሐንስ ወደ ብርሃን አንሥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው፤ ነጥብ አላገኘበትም። ወይዘሮ እማዋይሽ የዘንዶውን ሆድ አስገልብጠው አዩ። ፊታውራሪ አላዩም፤ ከቤት አልወጡም።

በማግስቱ አላምረው ቁልፉን ለወይዘሮ እማዋይሽ አስረክቦ፣ ዕቃውን በአህያ ጭኖ፣ ኮሶዬ ወዳለው ታናሽ ወንድሙ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ዘንዶው ባሩክ በሠራው የብረት ሣጥን በጭነት ማኪና ወደ አዲስ አበባ ተላከ።